በጎሬ ዱር ዳር የተቀመጥንባቸው ዓመቶች

በ2003 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ለመንግሥት ሥራ ወደ ኢሉባቦር፥ ወደ ጎሬ ከተማ እንድንሄድ ትእዛዝ በደረሰን ጊዜ፥ እውነቱን ለመናገር ደስ አላለንም ነበር። ሊሰናበቱን የመጡት ወዳጆቻችንም ፊታቸው ለቅሶ ለመድረስ የመጣ ሰው ፊት ይመስል ነበር። አንዱ «ዝናሙ አያባራም» አለን፤ ሁለተኛው «ዱሩ በቀትር ስንኳ ይጨልማል» አለን፤ ሦስተኛው፥ እርሱ ራሱ ከአዲስ አበባ ርቆ አንድ ሌሊት ያላደረ ሰው፥ «እንደ ምንም ብላችሁ አንድ ዓመት ታገሡና ዝውውር ጠይቁ» ብሎ መከረን። ከሁላችንም ይልቅ የተጨነቀችው ባለቤታችን ነበረች፤ በዚያን ጊዜ የ7 ዓመት ሕፃን የነበረው ልጃችን ደረቱ ብርድ የማይችል ነበርና። ስለዚህ 2 ሣጥን ሙሉ ብርድ ልብስ፥ 1 ሣጥን መድኃኒትና 1 ኩንታል ጤፍ በመኪና አስጭነን፥ ወደ ግዞት እንደሚሄድ ሰው አንገታችንን ደፍተን ተነሣን።

መንገዱ በጅማና በአጋሮ አልፎ፥ የዴዴሳን ወንዝ ተሻግሮ ወደ በደሌ ይወጣል። እስከዚያ ድረስ ያየነው አገር፥ እርሻውም መስኩም፥ ከለመድነው እጅግ የራቀ አልነበረም። ከበደሌ ወዲያ ግን ወደ ያዩ ስንቃረብ ዛፉ ከግራና ከቀኝ ወደ መንገዱ እየተጠጋ መጣ። ዛፍ ስንል ክቡራን አንባቢዎቻችን በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለውን ባሕር ዛፍ እንዳያስቡ እንለምናለን። ቀረሮው፥ ዋንዛው፥ ብሳናው፥ ጥቁር እንጨቱ እርስ በርሱ ተያይዞ፥ ሐረግ ተጠምጥሞበት፥ ሽበት የመሰለ ነገር ከቅርንጫፉ ተንጠልጥሎ፥ ከሥሩ ደግሞ ማንም ያልተከለው ቡና በቅሎ ይታያል። ልጃችን በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ካየ በኋላ፥ «ይህ ሁሉ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀን። እኛም «የማንም አይደለም፤ ዱር ነው» ብለን መለስንለት።

ጎሬ ዛሬ ትንሽ ከተማ ናት፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ትንሽ አልነበረችም። ራስ ተሰማ ናደው ኢሉባቦርን ሲገዙ መቀመጫቸው በዚያ ነበረ። በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል በጋምቤላ የንግድ ሥፍራ ከተፈቀደ ወዲህ፥ የአገሩ ቡና በበቅሎ እየተጫነ በጎሬና በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ይወርድ፥ ባሮ በሚሞላበት ወራትም በመርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። የእንግሊዝ ቆንስልም በከተማይቱ ይቀመጥ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ጃንሆይ ወደ ውጭ አገር ከሄዱ በኋላ መንግሥቱ ጥቂት ወራት በጎሬ ቆየ፤ ልዑል ራስ እምሩም ወደዚያው መጥተው ነበር። በ1929 ዓ.ም. በኅዳር ወር ጠላት ከተማይቱን ያዘ፤ የአገሩ ጳጳስ አቡነ ሚካኤልም ለጠላት አልገዛም ስላሉ በዚያው በጎሬ በጥይት ተደብድበው ዐረፉ። ዛሬ የዞኑ ዋና ከተማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወዲህ ያለችው መቱ ናትና፥ ጎሬ ይህን ሁሉ ታሪክ ይዛ በገደሉ አፋፍ ላይ ጸጥ ብላ ተቀምጣለች። በገበያ ቀን ካልሆነ በቀር በዋናው መንገድ ላይ ከሰው ይልቅ በግ ይበዛል።

ስለ ዝናሙ ወዳጆቻችን የነገሩን እውነት ሆኖ አገኘነው። የጎሬ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ሲሆን፥ በምዕራብ በኩል ከቈላው የሚመጣው ደመና መጀመሪያ የሚመታው እርሷን ነውና፥ በዓመት የሚዘንበው ዝናም 2000 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ የአዲስ አበባን እጥፍ ሊሆን ጥቂት የሚቀረው ነው። ይህ ቍጥር በወረቀት ላይ ሲነበብ ምንም አይመስልም፤ በቤት ውስጥ ግን ሌላ ነው። ጨው በዕቃው ውስጥ ይቀልጣል። ክብሪት አይጫርም። ጫማ አንድ ሳምንት ሳይደረግ ከተቀመጠ አረንጓዴ ጠጕር ያበቅላል። ከአዲስ አበባ ይዘናቸው የሄድናቸው መጻሕፍት እንደ ዳቦ ሊጥ አበጡ። ባለቤታችን ጨዉንም፥ ክብሪቱንም፥ የእኛንም የሥራ ወረቀት ሳይቀር ከምድጃው በላይ በተሰቀለ ቆጥ ላይ ማስቀመጥ ጀመረች፤ ስለዚህ በዚያን ዘመን ከእጃችን የወጣ ደብዳቤ ሁሉ ጢስ ጢስ ይሸት እንደ ነበር፥ የተቀበሉን መሥሪያ ቤቶች ሳይታዘቡን አልቀሩም።

ይዘነው የሄድነው ጤፍ በጥር ወር አለቀ። ጤፍ በገበያ አይጠፋም፥ ነገር ግን ከሩቅ የሚመጣ ስለ ሆነ ውድ ነበረ። ጎረቤታችን የነበሩት አንዲት ባልቴት ባለቤታችን በባዶ ሞሰብ ፊት ቆማ ባዩዋት ጊዜ፥ ምንም ሳይናገሩ ሄደው አንድ ቅርጫት ጎደሬና አንጮቴ ይዘው ተመለሱ። ባለቤታችን አንጮቴውን እንደ ድንች መስላት ልጣጩን ልትልጥ ብትጀምር፥ ሴትዮዋ እጇን ያዙና እስኪያለቅሱ ሳቁ፤ አንጮቴ ከነልጣጩ ተቀቅሎ በኋላ ነው የሚላጥ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴትዮዋ «እናትዬ» ሆኑልን። ቡናን ከነገለፈቱ በቅቤ ጠብሰው፥ በትንሽ ስኒ ሳይሆን በእጃችን መዳፍ እየሰጡ ያበሉንም እርሳቸው ናቸው። የተፈራለት የልጃችን ደረት ግን ምን እንደ ደረሰበት አናውቅም፤ ከአገሩ ልጆች ጋራ በጭቃ ባዶ እግሩን ሲሮጥ እየዋለ፥ ያ አንድ ሣጥን መድኃኒት ሳይከፈት ቀረ።

እንግዲህ ወደ ነገሩ እንግባ። የቤታችን ማጀት ጣራ በስብሶ ነበርና፥ ዋናው ዝናም ሳይገባ በመጋቢት ወር ልናሠራው አሰብን። ከቤታችን በስተ ኋላ አንድ መቶ እርምጃ ያህል እንደ ተሄደ ዱሩ ይጀምራል። 2 ጐበዛዝት ቀጥረን «ለወራጅ የሚሆን እንጨት ቍረጡልን» አልናቸው፤ የት እንደሚቈርጡ አልነገርናቸውም፥ እነርሱም አልጠየቁንም። በዚያው ቀን አንድ ትልቅ ዛፍ ጣሉ። አናጢው መጥቶ ባየው ጊዜ ራሱን ነቀነቀ፤ እንጨቱ ጌተሜ የሚባለው፥ ለስላሳ፥ ጣራ የማይሸከም ነው። ቈራጮቹ የመረጡት ለመጥረቢያቸው ስለ ቀለለ ብቻ ነበረ። ወደ ማታ ልጃችን ከወደቀው ዛፍ ዘንድ ነጭ የማር እሸት ከነሰፈፉ በቅጠል ይዞ እየሮጠ ገባ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ማር ቀምሰን አናውቅምና፥ ሁላችንም በጣታችን እያነሣን በላን። ከየት እንደ መጣ እንጂ የማን እንደ ሆነ አልጠየቅነውም።

በማግሥቱ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ከበራችን ፊት፥ በካፊያው ውስጥ፥ ቡሉኮ ተከናንበው ተቀምጠው አየን። ክቡራን አንባቢዎቻችን በሥልጣን ላይ ያላችሁ ሁሉ እንደምታውቁት፥ በባለሥልጣን በር የሚቀመጥ ሰው አቤቱታ ያለው ሰው ነው፤ አቤቱታም በሰዓቱና በመሥሪያ ቤቱ ይቀርባል። ስለዚህ ዳቦና ሻይ እንዲወጣላቸው አዝዘን በአጠገባቸው አልፈን ወደ ሥራችን ሄድን። ለምሳ ስንመለስ ሽማግሌው በነበሩበት አሉ፤ ዳቦውም ሳይነካ በድንጋዩ ላይ ረጥቦ አለ። ያን ጊዜ ልጃችን ከት/ቤት ጓደኛው ጋራ መጣ፤ ጓደኛው ለካ የሽማግሌው የልጅ ልጅ ነበረና፥ የአያቱን ኦሮምኛ በአማርኛ ይነግረን ጀመር።

ሽማግሌው እንዲህ አሉን፤ «የወደቀው ዛፍ ከአባቴ የወረስሁት ነው። 3 ቀፎ ነበረበት። ለመክሰስ አልመጣሁም። ከመንግሥት ሰው ቤት የመጡ ሰዎች ቈረጡት ቢሉኝ፥ መንገድ ወይም የመብራት መስመር ሊያልፍ ይሆናል ብዬ አሰብሁ። ሌሎቹ የሚቈረጡት የትኞቹ እንደ ሆኑ ይንገሩኝና ቀፎዎቼን አስቀድሜ ላውርድ ብዬ ነው።»

ምን ብለን እንመልስ? መንገድም የለ፥ መስመርም የለ። የማጀት ጣራ ነው ያለው፤ እንጨቱም ለእርሱ ስንኳ አልሆነም። ልጃችን ዐይኑን ወደ እኛ አንሥቶ ያይ ነበር፤ በአፉ ዙሪያ ያለውን የትናንት ማር እናቱ ብታጥበውም ለእኛ ገና ያለ መሰለን። ሽማግሌውን እጃቸውን ይዘን ወደ ቤት አስገባን፤ በእሳቱ ዳር አስቀመጥናቸውና እውነቱን ነገርናቸው። ልጁ እስኪተረጕምላቸው ድረስ ያለው ጊዜ እጅግ ረዘመብን። እርሳቸው ግን አልተቈጡም፤ ጥቂት ዝም ብለው፥ «እንግዲያማ ሌሎቹ ቀርተዋል» አሉና ፊታቸው ፈካ። ከቍጣ ይልቅ ይህ ፈካ ያለ ፊት ነው ያሳፈረን።

ሆኖም ነገሩ በዚህ እንዲቀር አልፈለግንም። እናትዬ የመከሩንን ሰምተን የሰፈሩን ሽማግሌዎች ለመንን፤ እነርሱም በእሑድ ቀን በትልቁ ዋርካ ሥር ተቀመጡ። እኛም እንደ ማንኛውም ባለዕዳ ቆመን ጥፋታችንን ተናገርን። ሽማግሌዎቹ የ3 ቀፎ ማር ዋጋ እንድንከፍል ሲቈርጡ፥ ባለዛፉ ሽማግሌ እጃቸውን አንሥተው «2 ነው» አሉ፤ «ሦስተኛው ባዶ ነበር፤ ዘንድሮ ንብ አልገባበትም።» ስለ ዛፉ ዋጋ ሲጠየቁ ግን ዳግመኛ አልተናገሩም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ስለ እርሳቸው ሆኖ፥ «አባቱ ያሳየው ዛፍ ነው፤ እርሱም ለልጁ አሳይቶት ነበር» አለና ነገሩ ተፈጸመ።

ከዚያ በኋላ ነው ዱሩን ማየት የጀመርን። በመዝገባችን ላይ «ደን» ተብሎ በአንድ ቃል የሚጻፈው ቦታ፥ መሬቱ የመንግሥት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በዚህኛው ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅል የእገሌ ልጅ፥ በዚያኛው ላይ የእገሌ ወንድም መሆኑን በአገሩ ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ቡና ለቃሚውም እንዲሁ ነው፤ ከትልልቁ ዛፍ ሥር ቍጥቋጦውን በዓመት በዓመት እየመነጠረ የሚያጸዳው ቦታ የታወቀ ነው፥ ጥላ የሚሆነውን ዛፍ ግን አይነካውም። በያዩ ያለው ዱር በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ከዓለም ጥብቅ ሥፍራዎች ጋራ ተቈጥሮአል፤ ዐዋቂዎች እንደሚሉት በዚያ ዱር በራሱ የበቀለው ቡና የዘሩ ዐይነት ብዙ ስለ ሆነ፥ ለዓለም ቡና ሁሉ መጠባበቂያ ነው። ይህን ከወረቀት አንብበን እናውቅ ነበር። ወረቀቱ ግን ዱሩን እስከዚያ ቀን ያቈየው ማን እንደ ሆነ አልነገረንም ነበር።

በየካቲት መጨረሻ የመጀመሪያው ዝናም ጠብ ካለ በኋላ ቡናው ሁሉ በአንድ ሌሊት ነጭ ያብባል፤ ሽታው እስከ ከተማው ድረስ ይመጣል፥ በጥቂት ቀንም ይረግፋል። ከዚያ ጌተሜው ያብባል፤ ከእርሱ የሚገኘው ማር ነው ነጩ። በ2004 ዓ.ም. በግንቦት ሽማግሌው ማር ሊቈርጡ ሲሄዱ ልጃችንን ይዘን እንድንከተላቸው ፈቀዱልን። ማር የሚቈረጠው በሌሊት ነው። የሽማግሌው ልጅ ጠፍሩን በግንዱ ዙሪያ አድርጎ፥ የሚጤስ ችቦ በገመድ አንጠልጥሎ፥ በዚያ ጨለማ ወደ ላይ ሲወጣ፥ ችቦው እያነሰ እያነሰ ሄዶ እንደ ኮከብ ሆነ። ከላይ «ያዙ!» ሲል ገመዱን የሚይዙት ከታች ያሉት ናቸው። ሽማግሌው የገመዱን ጫፍ በልጃችን እጅ ላይ ጠምጥመው፥ የራሳቸውን እጅ ከበላይ አደረጉበት። ባለቤታችን በኋላ ይህን በሰማች ጊዜ ስለ ብርዱ ተቈጣችን፤ ስለ ገመዱ ግን ምንም አላለችም። የወረደው ማር ሲከፈል ለእኛም ደረሰን፤ ልጃችንም ገና ሳይነካው «ይህስ የማን ነው?» አለ። ሽማግሌውም ሲተረጐምላቸው እንደ እናትዬ እስኪያለቅሱ ሳቁ።

በዚያው ዓመት በሰኔ እኛ አንድ ብልኀት ያገኘን መሰለን። በወደቀው ዛፍ ፋንታ ሌላ ጌተሜ ልንተክል አስበን ከዱሩ ቡቃያ አስፈልገን አጣን፤ ጉድጓዱን ግን ምሰን ጨርሰን ነበር። ሽማግሌው መጥተው ጉድጓዱን ዙሪያውን ተመለከቱትና ምን እንደ ሆነ ጠየቁ። በነገርናቸውም ጊዜ፥ ይህ ዛፍ ብዙ ጊዜ በመሬት ላይ አይወለድም አሉን። ፍሬውን ወፍ ትበላና በሌላ ዛፍ መንታ ላይ ትጥለዋለች፤ በዚያ በተጠራቀመው አፈርና ቅጠል ውስጥ ይበቅላል፤ በሰው ትከሻ እንዳለ ሕፃን ሆኖ ብዙ ዓመት ከቈየ በኋላ ሥሩን በግንዱ ላይ ቍልቍል ይሰዳል። ከዚያም ከወደቀው ዛፍ ጕቶ ብዙ ሳይርቅ ወዳለ አንድ ዋንዛ ወሰዱንና ወደ ላይ አመለከቱን። ከመንታው ላይ ጣቱን እንደ ዘረጋ እጅ ያለ ቅጠል ያለው አንድ ቡቃያ ወጥቶ ነበር። በጉድጓዳችን ባለቤታችን ጎመን ዘራችበት።

ዝውውር ያልጠየቅነው ዝውውር በ2005 ዓ.ም. በሰኔ መጣልን። ወዳጃችን ከአዲስ አበባ ደውሎ «እንኳን እግዚአብሔር አወጣችሁ» አለን፤ ምን ብለን እንደ መለስንለት አናስታውስም። የሄድንበት ዕቃ በግማሽ ቀንሶ፥ የማንሄድበት ግን ጨምሮ ነበር፤ እናትዬ የሰጡን አንጮቴ ብቻውን አንድ ጆንያ ሞላ። ሽማግሌው በመሰናበቻው ቀን አልመጡም፤ በዋዜማው ግን ልጃችንን ይዘውት ወደ ዋንዛው ሄደው ነበርና፥ ምን እንደ ነገሩት ሲጠየቅ «ምንም አላሉኝም፤ በዛፉ ላይ ምልክት አደረጉ» አለን።

ሽማግሌው በ2009 ዓ.ም. ዐረፉ። ያ ተርጓሚያችን የነበረው የልጅ ልጃቸው አሁን ጐልማሳ ሆኖ፥ ቀፎውን የሚሰቅለው እርሱ ነው፤ ማር በሚቈረጥበት ወር በስልክ ይጠራናል። ልጃችን ስልኩን ከእጃችን ነጥቆ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዋንዛው ነው። ባለፈው ግንቦት እንደ ልማዱ ጠየቀ፤ ካዳመጠም በኋላ ወደ እናቱ ዘወር ብሎ፥ «ሥሩ መሬት ነካ አለ» አላት።